የገረና የመጨረሻዋ እምቢተኛ

በዚያ ሳምንት ተዋበች አቱሞ ፊት ዶሮ ወጥ ሲቀርብ ይህ አራተኛው ነበር።

የዛሬዎቹ ጋባዦች ኢንጂነር መክብብና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰብለ ናቸው። ቤታቸው ከገረና ከተማ የገመድ ባቡር የላይኛው ፌርማታ አጠገብ ስለሆነ በመስኮቱ በኩል ጭጋግ የለበሰው የካፋ ጫካ ቁልቁል ሲወርድ ይታያል። ወለሉ ተወልውሏል፤ ልጆቹ አዲስ ልብስ ለብሰዋል፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የነበረ ነገር ወርዶ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። ተዋበች እንዲህ ያለ ባዶ ምስማር ብዙ ቤት አይታለች። ምን ተሰቅሎበት እንደነበር ግን ጠይቃ አታውቅም።

"እንግዲህ ቤት ያፈራውን ነው፤ ብዪ ተጫወቺ" አሉ ወይዘሮ ሰብለ።

"ኧረ ተትረፍርፏል" አለች ተዋበች። ይህቺን መልስ ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሷት እንኳ አትስታትም።

ሁሉም እጃቸውን ወደ አንዱ ትሪ ዘረጉ። ኢንጂነሩ ጉርሻ ጠቀለሉ። ትልቅ ጉርሻ ነበር፤ የፈራ ሰው ጉርሻ ሁልጊዜም ትልቅ ነው። ተዋበች አፏን ከፍታ ተቀበለች፤ በተራዋም አጎረሰቻቸው። ኢንጂነሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡ። ያን ጊዜ ማዕዱ መፈጸሙን የሚመዘግበው፣ ከገበታው ሥር ያለው ቆጣሪ "ጢን" አለ፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ላይ ተነፈሰ።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ቀለል አለ። ስለ ዝናቡ ተነሣ። የገመድ ባቡሩ ሰሞኑን ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ኢንጂነሩ አስረዱ። ትንሿ ልጅ "አንቺ ነሽ እንዴ ማንጆዋ?" ብላ ጠየቀችና እናቷን ሳል ያዛቸው። ተዋበች "አዎ፣ እኔ ነኝ። ዋናም አስተምራለሁ፤ ትመጫለሽ?" አለቻት። ልጅቷ እመጣለሁ አለች። እናቷ ግን ትሪውን አነሡ።

ተሰናብታ ወጥታ መንገድ ከጀመረች በኋላ ጃንጥላዋን መርሳቷ ትዝ አላትና ተመለሰች። በሩ ገርበብ ብሏል። ወይዘሮ ሰብለ ተዋበች የጠጣችበትን ብርጭቆ በሶፍት ይዘው ወደ ቆሻሻ መጣያው ሲጨምሩ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

"ተሰነጠቀ እኮ ብርጭቆው!" አሉ ወይዘሮ ሰብለ።

"ብርጭቆ እንዲህ ነው" አለች ተዋበች። ጃንጥላዋን አንሥታ ሄደች። ለተቆጣጣሪው ጥቆማ መስጠት ትችል ነበር። ብትጠቁም ግን ማዕዱ ይሰረዝና ቤተሰቡ እንደገና እንዲጋብዝ ይታዘዛል፤ የምትመደበውም ያው እሷ ናት። እንደገና ዶሮ ወጥ።

የማዕድ አንቀጽ ወደ ሕገ መንግሥቱ የገባው ተዋበች ገና ሳትወለድ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ካፋ ውስጥ ማንጆ የሚባለውን ሰው ከጎረቤቱ ለይቶ ያኖረው አጥር አይደለም፤ ገበታ ነው። አብረውት አይበሉም፣ በጠጣበት አይጠጡም፣ ቤት አያስገቡትም። ሌላ አገር ያለው ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭም፣ ፋቂም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። እንግዲያው ሕጉ ከገበታው ይጀምር ተባለ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሲገለል ከኖረው ወገን አንድ እንግዳ ጠርቶ ከአንድ ትሪ ይብላ፣ ያጉርስ፣ ይጉረስ። ያልፈጸመው እምቢተኛ ይባላል፤ እምቢተኛ በገመድ ባቡር አይሳፈርም፣ ለሹመት አይታጭም፣ የቤት መሥሪያ ቦታ አይመራም። ከማዕዱ ጋር ሌላም ነገር መጣ፤ በዩኒቨርሲቲ፣ በመሥሪያ ቤትና በምክር ቤት ለእነዚህ ወገኖች የተጠበቁ ወንበሮች።

ወንበሮቹ ሠርተዋል። ተዋበች ራሷ የስፖርት ትምህርት ቤት የገባችው በተጠበቀ ወንበር ነው፤ ባይኖር ኖሮ እንደ አያቷ የማገዶ እንጨት ተሸክማ በየበሩ ትዞር እንደነበር አትጠራጠርም። ብዙዎቹ የማንጆ ልጆች ግን እየተማሩ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌላም አገር ሄዱ። የተዋበች ባል ከሄዱት አንዱ ነው፤ ሹመት አግኝቶ ሄደና እዚያው ሌላ ትዳር መሠረተ። ገረና ውስጥ ጋባዡ ብዙ፣ እንግዳው ጥቂት ሆነ። ስለዚህ ተዋበች ትበላለች። ምሳ አንድ ቤት፣ መክሰስ ሌላ ቤት፣ ራት ሦስተኛ ቤት። ጠግባ ውኃ ውስጥ መግባት እንደማይገባ ተማሪዎቿን እያስጠነቀቀች እሷ እንደ በርሜል ሞልታ ትገባለች። ወደ እሷ ቤት ግን ከከተማው ሰው ማንም መጥቶ አያውቅም። ሕጉ በዚያ በኩል አይቆጥርም።

በዚያ ክረምት ማዕዱን ያልፈጸመ አንድ ቤት ብቻ ቀርቶ ነበር። የወይዘሮ አሰገደች ጋሊቶ ቤት።

ነገሩ እንዲሁ የአንድ ቤት ጉዳይ አልነበረም። በአንድ ከተማ ሁሉም ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ማዕዱን ከፈጸመ ከተማዋ "ምሉዕ" ትባላለች፤ በምሉዕ ከተማ መገለል አብቅቷል ማለት ነውና አንቀጹ ይነሣል፤ የተጠበቁት ወንበሮችም አብረውት ይነሣሉ። እስከዚያ ቀን ምሉዕ የሆነ ከተማ የለም። የገረና ከንቲባ ከተማቸው የመጀመሪያዋ እንድትሆን ቆርጠው ድንኳን አሠርተዋል፤ ማርሽ ባንድ ጠርተዋል። የቀሩት እኚህ ሴትዮ ብቻ ናቸው።

ወይዘሮ አሰገደች ሰማንያ ዓመታቸው ነው። ስልክ እየነካካ ካደገው ትውልድ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ጽፈው ብዙ ሺህ ሰው ወዶላቸው ነበር ይባላል። ከማንጆ ጋር ግን በልተው አያውቁም። በገመድ ባቡር ስለማይሳፈሩ ዳገቱን በእግራቸው ይወጡታል፣ በእግራቸው ይወርዱታል። በመጨረሻ ዳሌያቸው እምቢ አለ።

ሐኪሙ ውኃ ውስጥ እንዲለማመዱ አዘዘላቸው። አንድ ማለዳ የመዋኛው በር ላይ በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ውኃውን በጥርጣሬ ሲያዩት ተዋበች ማንነታቸውን ወዲያው አወቀች። እሳቸውን የማያውቅ ሰው ገረና ውስጥ የለም።

"አስተማሪዋ አንቺ ነሽ?"

"አዎ እማማ። ተዋበች እባላለሁ።"

"የማን ልጅ?"

ይህን ጥያቄ ሕጉ ከከለከለው ቆይቷል። ተዋበች ሲጠየቅ የሰማችው ከልጅነቷ ወዲህ ዛሬ ነው።

"የአቱሞ። ከወንዙ ማዶ ያለው።"

አሮጊቷ የመዋኛውን ዙሪያ ቃኝተው "ሌላ አስተማሪ የለም?" አሉ።

"የለም።"

"አንቺም እዚሁ ውኃ ውስጥ ነው የምትገቢው?"

"ካልገባሁ በምን እይዝዎታለሁ?"

"ውኃውን መቼ ነው የሚቀይሩት?"

"ትናንት ተቀይሯል። ከዚያ ወዲህ ግን እኔ ገብቼበታለሁ" አለች ተዋበች፤ ሳቋ እየመጣባት።

"ሐኪሙ ይህን አልነገረኝም።"

"ሐኪሙ ዋና አይችልም።"

ወይዘሮ አሰገደች ወደ በሩ ዞሩ። አንድ እርምጃ ተራምደው ዳሌያቸው ቀጥ አደረጋቸው። እዚያው ቆመው አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ ከዚያ "ነጠላዬን ያዥልኝ" አሉ።

ተዋበች በሁለት እጆቿ ጀርባቸውን ከሥር ደግፋ ውኃው ላይ አስተኛቻቸው። መጀመሪያ እንደ ሳንቃ ደረቁ። አንገቷን ጨብጠው "እንዳትለቂኝ! አምላክ ያውቅብሻል፣ እንዳትለቂኝ!" እያሉ ጮኹ። በተከታዩ ሳምንት አንገቷን ለቀቁ። ከዚያም አንድ ቀን ተዋበች ሳትነግራቸው እጇን ከጀርባቸው አነሣች፤ አሮጊቷም ብቻቸውን ተንሳፈፉ፤ ጣራውን እያዩ፣ ነጭ ፀጉራቸው ዙሪያቸውን ተበትኖ። ነገሩ ሲገባቸው እንደ ልጅ ከት ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ውኃ አስጠጣቸው፤ ተዋበች እየሳቀች አወጣቻቸው።

ከዚያ በኋላ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሲያርፉ መጨዋወት ለመዱ።

"እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለምንድን ነው ከእኛ ጋር የማይበሉት?"

ሌላ ሰው ቢሆን ይክድ ነበር። ወይዘሮ አሰገደች እግራቸውን በፎጣ እያደረቁ አሰቡበት።

"እኔ እንጃ። አንቺን ተጸይፌ አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ 'አብረሽ እንዳትበዪ' የተባልኩት እዚህ ነው ያለው" ብለው ጉሮሮአቸውን ነኩ። "ያን ነገር እንኳን ሳስበው ይዘጋል። ብዙ አንብቤ፣ ብዙ ጽፌ አልከፈትሁትም። ሌሎቹ እንዴት እንደሚውጡት አላውቅም። እኔ የሚዋሽ ጉሮሮ የለኝም።"

ተዋበች መቆጣት ነበረባት። ቆየት ብላም በራሷ ተገረመች፤ በዚያ ዓመት ከበላችባቸው ቤቶች ሁሉ እውነቱን የነገሯት እኚህ፣ ገና ያልበላችበት ቤት ባለቤት ናቸው። ተናዳለች፣ ግን ቀሏታል።

"እጄ ጀርባዎ ሥር ሲሆንስ?"

"ጀርባ እኮ አይውጥም" አሉ አሮጊቷ።

በዚያው ሰሞን ጋሼ ሻዎ ተዋበች ቤት መጡ። የገረና ማንጆዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው፤ ቀጠን ያሉ፣ ሲያወሩ ሁልጊዜ ወደ በሩ የሚመለከቱ ሽማግሌ። የተዋበች ልጅ ሶስና ጥግ ላይ እያጠናች ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ለሕክምና ትምህርት ትወዳደራለች።

"ሴትዮዋ እንዴት ናት?" አሉ ገና ሳይቀመጡ።

"የትኛዋ ሴትዮ?"

"አሰገደች ናታ! ዳሌዋ ተሻላት?"

"እየተሻላቸው ነው።"

"ተመስገን!" አሉ ጋሼ ሻዎ ከልባቸው። "አደራ፣ ውኃው እንዳይቀዘቅዝባት። ጉንፋን እንዳይዛት። እሷ ከሞተች ቤቱ ከቆጠራ ይወጣል፤ ቤቱ ከወጣ ከተማዋ ምሉዕ ሆነች ማለት ነው። አለቅን!"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማኅበሩ ሲሠራ የቆየውን ነገሯት። የወይዘሮ አሰገደችን ጣራ ዝናብ እንዳያስገባ ያደሱት የማኅበሩ ልጆች ናቸው፤ ሴትዮዋ ገበያ በወጡበት ሰዓት። ማገዶውንና ማሩን በአጥር በኩል የሚያስቀምጡላቸውም እነሱ ናቸው። እሳቸው የወንድማቸው ልጆች የሚያመጡላቸው ይመስላቸዋል።

ሶስና ደብተሯ ላይ ተደፍታ ሳቀች። ተዋበችም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። "ጋሼ ሻዎ፣ ከእኛ ጋር አልበላም ያለችን ሴትዮ እኛው ልንቀልባት?"

"ምን እናድርግ? ወንበራችንን የምትጠብቅልን ዘብ እሷ ሆነች።"

"እኔ ወንበር ሳይጠበቅልኝ አልፋለሁ" አለች ሶስና ቀና ብላ።

"አንቺማ ታልፊያለሽ፤ አንበሳ ነሽ" አሉ ጋሼ ሻዎ። "የእኔ የልጅ ልጅ አንበሳ አይደለም። እንደ ሰው ሁሉ መካከለኛ ልጅ ነው። የሌላው መካከለኛ ልጅ በአጎቱ በኩል ይገባል፤ የእኔው በማን በኩል ይግባ?"

ሶስና ወደ ደብተሯ ተመለሰች። ተዋበች ደግሞ ስለ ወይዘሮ ሰብለ ብርጭቆ አሰበች። የተፈጸመ ተብሎ የተቆጠረው ያ ነው።

ነሐሴ ሲጋመስ ተቆጣጣሪው ዮፍታሄ መዋኛው ድረስ መጣ። ገና ወጣት ነው፤ ልብሱ ንጹሕ፣ ንግግሩ የታረመ፣ በሥራው የሚያምን። ተዋበች አትጠላውም።

"እትዬ ተዋበች፣ ደስ የሚል ዜና ይዤ ነው" አለ። "ወይዘሮ አሰገደች ተስማምተዋል። እንግዳዋ እርስዎ ከሆኑ ቅዳሜ በራቸውን ይከፍታሉ።"

ተዋበች ፎጣዋን ያዘች። "በራሳቸው?"

"አዲሱን ደንብ ካነበብኩላቸው በኋላ።"

አዲሱ ደንብ አጭር ነው። ዓመቱ ሲያልቅ እምቢታው የጸና ሰው ከዚያ ወዲያ የከተማውን ሕክምና አያገኝም። መዋኛውም ሕክምና ውስጥ ይቆጠራል።

"በር ካልከፈቱ ዳሌያቸው ይታሰራል ማለት ነው" አለች ተዋበች።

"በር ከፈቱ እኮ!" አለ ዮፍታሄ ፈገግ ብሎ። "ውኃ ውስጥ አብራችሁ ስትስቁ አይቻችኋለሁ። ለከንቲባው የነገርኳቸውም ይህንኑ ነው፤ እዚህ ጋ ፍቅር አለ፣ ትንሽ መግፋት ብቻ ነው የቀረው አልኳቸው።"

እስከ ቅዳሜ ተዋበችን ያልመከራት ሰው የለም። ከንቲባው ቀይ አበባ ላኩላት። ጋሼ ሻዎ ጉርሻው አፏ ጋ ሲደርስ ራሷን እንድትስት ለመኗት፤ እንዴት መውደቅ እንዳለባትም ወለሉ ላይ ተኝተው አሳዩአት። ሶስና "እማ፣ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?" አለቻት። ተዋበች ጥያቄው አዲስ ሆነባት። እውነቱን ለመናገር፣ የወይዘሮ አሰገደችን ወጥ መቅመስ ትፈልጋለች። በዚያ ዓመት ከልቧ ልብላ ያለችው ገበታ እሱ ብቻ ነው። ያን ለማንም አልተናገረችም።

ቅዳሜ ዝናቡ ያለ ፋታ ይወርዳል። ወይዘሮ አሰገደች ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቋት። የሐር ጥልፍ ያለው ቀሚስ ለብሰዋል፤ ፊታቸው ግን እንደ አመድ ነጥቷል።

"ግቢ፣ ልጄ። ዝናብ ላይ አትቁሚ።"

ቤቱ የእንጨት ነው፤ ጠባብና ሞቃት። ዮፍታሄ ቆጣሪውን ከገበታው ሥር አስሮ ጥግ ላይ ቆመ። ከመንገዱ ማዶ ማርሽ ባንዱ ጥሩምባውን በላስቲክ ሸፍኖ ይጠብቃል። ወይዘሮ አሰገደች እጇን አስታጠቧት። ዶሮ አልነበረም፤ ቆጮና በቅቤ የተለወሰ ጎመን፣ ከአይብ ጋር። የተዋበች ሆድ ጮኸ። ከእንዲህ ዓይነት ገበታ ፊት ተርባ የተቀመጠችበትን ቀን አታስታውስም።

ተቀመጡ። አሮጊቷ ቆጮውን ቆረሱ፤ ጎመን ጨመሩበት። ጉርሻው ትንሽ ነበር፤ የተለካ፣ የሚያምር ጉርሻ። ተዋበች ቀና ብላ ጉሮሮአቸውን አየች። ገና ምንም ሳይበሉ ይውጣሉ፤ ደግመው ይውጣሉ። ለመርፌ ክንዱን የዘረጋ ሰው ፊት ነበር ፊታቸው። ያን ጊዜ ለተዋበች ነገሩ ገባት። በእኚህ ሴትዮ እጅ ውስጥ ያለችው እሷ ናት፤ መራራ መድኃኒት ሆና፣ ለዳሌ ሲባል ልትዋጥ። ውኃው ላይ ከት ብለው የሳቁት ሴትዮ ዛሬ እሷን ዓይናቸውን ጨፍነው ሊውጧት ነው።

"አልበላም" አለች።

የወይዘሮ አሰገደች እጅ አየር ላይ ቀረ። "ምን አልሽ?"

"አልበላም፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"አመመሽ?"

"ደህና ነኝ። እርቦኛልም። ግን ዛሬ አልበላም።"

ዮፍታሄ ከጥግ ወጣ። "እትዬ ተዋበች፣ ምናልባት ትንሽ ብቻ ቢቀምሱ…"

"እምቢ አልኩ እኮ፣ ወንድሜ።"

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷኑ አስደነገጣት። ከተመደበች ጀምሮ ብዙ ገበታ ላይ ተቀምጣለች፤ እንግዳው እምቢ ማለት ይችላል ብሎ የነገራት ሰው ግን የለም። የነገራት ባይኖር አይገርምም፤ ሕጉን የጻፉትም አላሰቡትም ነበር። ዮፍታሄ ጆሮው ላይ ባለው መሣሪያ ከአለቃው ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ተነጋገረ። አለቃውም የራሱን አለቃ ጠየቀ። ጋባዧ በር ከፍተዋል፣ ምግብ አቅርበዋል፣ ጉርሻ ጠቅልለዋል፤ እምቢተኛ ሊባሉ አይችሉም። ማዕዱ ደግሞ አልተበላም፤ ቤቱ ፈጽሟል ሊባል አይችልም። ቆጣሪው ዝም እንዳለ ነው።

"ታዲያ ምንድን ነው የሚባለው?" አለች ተዋበች።

"እስካሁን ስም የለውም" አለ ዮፍታሄ። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም፤ ግራ መጋባት ብቻ። "ዋናው መሥሪያ ቤት ይመለከተዋል። እስከዚያ ሁሉም ነገር ባለበት ይቆያል።"

ሁሉም ነገር ማለት ሁሉም ነው፤ አንቀጹም፣ ወንበሮቹም፣ የወይዘሮ አሰገደች መዋኛም። ማርሽ ባንዱ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ጋሼ ሻዎ ወሬውን ሲሰሙ መንገድ ላይ ቆመው በዝናብ እየበሰበሱ ሳቁ፤ ከዚያ ተዋበችን አቅፈው ሳሟት። "ራስሽን ሳትስቺ!" እያሉ።

ያልተደሰቱት ወይዘሮ አሰገደች ብቻ ናቸው። ተዋበች ስትወጣ ቻው አላሏትም። በተከታዩ ሳምንት ወደ መዋኛው አልመጡም። በሌላውም አልመጡ። ተዋበች ውኃው ጥግ ላይ ተቀምጣ በሩን ስትመለከት ልጆቹ "መምህር፣ ማንን ነው የምትጠብቂው?" እያሉ አሰለቿት። እግሯን አንሥታ ዳገቱን ልትወጣ ስታስብ አንድ ማለዳ አሮጊቷ በራሳቸው ከተፍ አሉ፤ ልብስ ሳይቀይሩ፣ በትራቸውን እየመቱ።

"ምን ብትንቂኝ ነው?" አሉ ገና ከበሩ። "ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ቆጮ የጋገርኩት ገበታዬ ላይ 'አልበላም' እንድባል ነው? በሰማንያ ዓመቴ ቤቴ መጥቶ እንዲህ ያዋረደኝ ሰው የለም! እንቅልፍ አጣሁ እኮ! ምን ጎደለበት እያልኩ፣ ምን አይታብኝ ነው እያልኩ…"

ድምፃቸው ተሰበረ። ልጆቹ ዋናቸውን አቁመው አዩአቸው። ወይዘሮ አሰገደች የተናገሩት ለራሳቸው ጆሮ የደረሰው ያን ጊዜ ይመስላል። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ዘወር ብለው ውኃውን አዩ፤ ቆይተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ተዋበች አጠገባቸው ተቀመጠች።

"እንዲህ ነው እንዴ" አሉ አሮጊቷ በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"እንዲህ ነው።"

"ጉርሻዬን ያልተቀበልሽው ለወንበሩ ብለሽ ነው?"

"ለወንበሩ ብዬ ቢሆን ጋሼ ሻዎ እንዳሉኝ እወድቅልዎት ነበር። ፊትዎን አይቼ ነው። እኔን እንደ መድኃኒት እንዲውጡኝ አልፈለግሁም።"

ወይዘሮ አሰገደች በትራቸውን ወለሉ ላይ ቀስ ብለው አዞሩ። ተዋበች ደፈረች።

"እማማ፣ እሁድ እኔ ቤት ይምጡ።"

"አንቺ ቤት?"

"ከወንዙ ማዶ።"

"ይቆጠራል?"

"አይቆጠርም። የሚያስገድድዎትም የለም። ባይመጡም ሰኞ እዚሁ ውኃ ውስጥ እይዝዎታለሁ።"

አሮጊቷ ተነሥተው ሄዱ።

እሁድ ተዋበች ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሶስና ቤቱን ጠርጋ ጨርሳለች። ያላቸውን ትሪ አወጡ፤ አሮጌ ነው፣ ጠርዙ የተጎነደለ። ተዋበች ቆጮ ጋገረች፣ ባቄላ በበርበሬ ሠራች። በየሰው ቤት ስትበላ ኖራ ለእንግዳ መሥራት ጠፍቶባት ስለነበር እጇ ግራ እየገባው ጨው አበዛሁ አሳነስኩ ስትል ረፈደ። ምሳ ሰዓት ሆነ። ምሳ ሰዓት አለፈ።

"አትመጣም፣ እማ" አለች ሶስና። "እንብላ።"

"ትንሽ እንጠብቅ።"

ውጭ የጎረቤት ውሻ መጮህ ጀመረ፤ አላቆመም። ሶስና በመስኮት አይታ "ውይ" አለች። ተዋበችም ሄዳ አየች። ወይዘሮ አሰገደች ጋሊቶ ጭቃውን በበትራቸው እየፈተሹ፣ ቀሚሳቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው፣ ከድልድዩ ወዲህ ወዳለው መንገድ ገብተዋል። የመንደሩ ሰው ሁሉ በር ላይ ወጥቷል። ጋሼ ሻዎ ከአጥራቸው ጥግ ቆመው ባርኔጣቸውን አውልቀዋል።

"ይህ መንገድ ምኑ ነው!" አሉ አሮጊቷ ከበሩ ሲደርሱ። "ድንጋይ አያነጥፉበትም እንዴ? ለዳሌ በሽተኛ የሚሆን አይደለም።"

"ይግቡ እማማ።"

ደጃፉ ላይ ቆሙ። እግራቸው ከመግቢያው ወዲያ ነበር፤ በትራቸው ከመግቢያው ወዲህ። ተዋበች እጇን አልዘረጋችላቸውም። ወይዘሮ አሰገደች ጎንበስ ብለው ገቡ።

እጃቸውን ታጠቡ። ተቀመጡ። ገበታው ሥር ምንም የለም፤ እንጨቱ ብቻ። ተዋበች ለማየት አልደፈረችም፤ ቆጮ ቆርሳ መብላት ጀመረች። ሶስና ስለ ፈተናዋ ታወራለች፤ ስለ ልብ ክፍሎች፣ ደም በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ፈርታ ስለነበር በፍጥነት፣ ሳትተነፍስ። ወይዘሮ አሰገደች እየሰሙ ትንሽ ቆረሱ። በጣቶቻቸው ይዘውት ቆዩ። ሶስና የግራውን የልብ ክፍል ጨርሳ ወደ ቀኙ አለፈች። አሮጊቷ ወደ አፋቸው ወሰዱት፤ አኘኩ፤ አሁንም አኘኩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የበርበሬ ይሁን የሌላ አይታወቅም።

ከዚያ ዋጡ።

ተዋበች ትሪውን እንዳየች ቀረች። ዝናቡ ጣራው ላይ ይዘንባል።

"ጨው ያንሰዋል" አሉ ወይዘሮ አሰገደች።

ተዋበች ጨው ልታመጣ ተነሣች።